ሽቦው የተነሣ ዕለት

ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ባለችው መንደራችን፣ ከወድሓ ቤት እስከ ልጇ እስከ ናዝሚያ ቤት አርባ እርምጃ ብቻ ነበር። ናዝሚያ በተዳረች በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 1949፣ የመጀመሪያው ጦርነት ሲያበቃ መንደራችንን አይተው የማያውቁ ሰዎች ካርታ ላይ መስመር አሰመሩ። መስመሩ መንገዳችንን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ሽቦም ተዘረጋበት። እናት በዮርዳኖስ፣ ልጅ በእስራኤል ቀረች... ማን ጠየቀን? የማንን በደል ነው የከፈልነው? ናዝሚያ አዝላ ያሳደገችው የአራት ዓመቱ ወንድሟ ፈዋዝ ሽቦው ሥር ቆሞ፣ «እትዬ፣ ነይ እዘይኝ!» እያለ ሲያለቅስ፣ ወታደሮች እንደ በግ አባረሩት።

በአምስተኛው ዓመት አባትየው ሞተ። ልጁ ትሰናበተው ብለን ቃሬዛውን በሽቦው ጥግ ጥግ ተሸክመን አለፍን። ናዝሚያ ግንባሩን ልትነካ እጇን በእሾኹ መሐል ሰደደች፤ ደሟ ፈሰሰ። የወዲህኛው ወታደር ጮኸባት፤ የወዲያኛው በሰደፍ ገፋት።

«አባቷ ነው እኮ!» አለች ወድሓ። «ሬሳ ድንበር ይጥሳል እንዴ? እናንተን የወለደች እናት የለችም?»

«ትእዛዝ ነው» አሏት። ትእዛዝ!

በ1967 ሌላ ጦርነት ፈነዳ። በስድስት ቀን ድንበሩ ሁሉ ተገለባበጠ፤ እስራኤል እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ድረስ ያዘች። የኛም ሽቦ ተነቀለ። ናዝሚያ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወለቀ ያንን አርባ እርምጃ ሮጠችው። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ዝም በሉ!» ወድሓ ከደጃፏ ጮኸች። «በቤቴ እልልታ የለም!»

ናዝሚያ ደነገጠች። «እማ... እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ? ፈዋዝስ የታል? ዛሬ እንኳ ልቀፈው!»

ለካስ አልሰማችም! ፈዋዝ በሃያ ሁለት ዓመቱ የዮርዳኖስን ጦር ልብስ እንደለበሰ፣ ውጊያው በተጀመረ በማግስቱ ወድቋል። መቃብሩን እንኳ የሚያሳየን አልተገኘም።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ሽቦው ይነሣ ብዬ ለመንኩ» አለች ወድሓ፣ ደረቷን እየደቃች። «አንዱ ጦርነት አንቺን ነጠቀኝ። ይኸኛው አንቺን መለሰልኝና እሱን ወሰደው። እነሱ በኔ ልጆች ይለዋወጣሉ?»

ናዝሚያ እናቷ እግር ሥር ወደቀች። «እትዬ እያለ ሲጠራኝ አንዴ እንኳ ሳላዝለው...» አለች። ያን ጊዜ ነው ወድሓ ጎንበስ ብላ ያቀፈቻት። እንዴት ያለ እቅፍ ነበር! ሰርግም ልቅሶም የሆነ።

ሰው ይህን ዕጣ ፈንታ ይለዋል። እኔ ግን ዕጣ ነው ብዬ አላልፈውም፤ ዕጣ እርሳስ ይዞ መስመር አያሰምርም።