ሦስት ጀልባዎች በፑንታ ጋርሳ

ዶን አብዲዬል ካማሬና ሞቶ የተገኘው ባሕሩ ጎድሎ ሳለ፣ ከጀልባ መቆሚያው ሥር ጭቃ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ኢንስፔክተር ዞራይዳ ሂም ከከተማ ስትደርስ ግን ቀትር ሆኗል፤ ባሕሩ ተመልሶ የመቆሚያውን ምሰሶዎች እስከ አንገታቸው ውጧቸዋል። የሬሳውን ቦታ እንኳ ማየት አልቻለችም። የቀረላት ወሬ ብቻ ነበር፤ ወሬ ደግሞ በዚያች መንደር ከዓሣ ይበዛል።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት የመንደሩ ፖሊስ፣ ሳጅን ቶሪብዮ። «ገዳዩ ዴልቪስ ነው፣ በማዕበል መንሸራተት የሚያስተምረው። የሟቹን ልጅ ሩፊናን ላግባ ቢል ሽማግሌው እምቢ አሉ። ትናንት ምሳ ላይ ሰው ፊት ተሰዳደቡ። ማምሻውን መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ያየው ሰው አለ?»

«አለ እንጂ! ደላላው አርኑልፎ። ማታ ዴልቪስ የሽማግሌውን ጀልባ ሲያስር በዓይኑ አይቶታል።»

ዞራይዳ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ እየገመጠች መቆሚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር። ነፋሱ ግድግዳ ላይ የተደገፉትን የመንሸራተቻ ሰሌዳዎች ያንኳኳል። አንድ ቱሪስት ዛሬ ጠልቆ መዋኘት አለ ወይስ የለም ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለቴም ገላመጠችው።

ሩፊናን ያገኘቻት ለጠላቂዎች ዕቃ በሚያከራየው ሱቋ ውስጥ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራ መፍታት አልቻለም፣ የአየር ሲሊንደር ትወለውላለች።

«አባትሽን ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ነው የወጣሁት። ጀልባው በአፍንጫው ከምሰሶው ተንጠልጥሏል፣ መረቡም መቅዘፊያውም ጭቃው ላይ ተዘርግፏል። ገመዱን ቆርጬ አወረድኩት። ውስጡ ደም ነበር። ከዚያ ሥሩን ሳይ…»

«ገመዱስ?»

«ቋጠሮው ሳይፈታ እኔ ጋ አለ። ለሳጅኑ ባሳየው፣ ‹ገመድ ሰው አይገድልም› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማን ልንገር? ሰዉ ከዴልቪስ ጋር ተባብራ ነው እያለኝ!» ሲሊንደሩን አስቀመጠችው። «ኢንስፔክተር፣ አንዴ ከወሰዱት አይመልሱትም። ድሃ ነው፣ ማን ይሟገትለታል? አባቴን ቀብሬ እሱንም ልቅበረው?»

ዞራይዳ ቋጠሮውን አገላብጣ አየችና ኪሷ ከተተችው። «ሦስት ጀልባ አውሺኝ።»

ማታ ሽማግሌው ሲጠጣ ባመሸበት ቤት የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው በየተራ በጀልባ ወስደው የባሕር ዳርቻውን እንዲያሳዩዋት አደረገች። ስትመለስ ደግሞ በአንድ እጇ ማንጎ፣ በሌላው ባርኔጣዋን እንደያዘች፣ «እስኪ ጀልባውን እሰርልኝ» ትላለች።

ዴልቪስ ሳጅኑ እያጉረመረመ ካቴናውን ፈትቶለት ወጣ።

«ምን ብለህ ነው የሰደብካቸው?»

«ቆንቋና አልኩት። መሬትህን ታቅፈህ ሙት አልኩት።» መቅዘፉን አቆመ። «ማታ ልታረቀው ብሄድ ፊቱን አዞረብኝ። ምነው አፌን በቆረጠው!»

ቀጥሎ ኢኛኪ መጣ፤ የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ፀጉሩ እዚሁ የሸበተ የባስክ ሰው ነው።

«የሽማግሌውን የባሕር ዳር መሬት ትመኘው ነበር?»

«ያልተመኘ ማን አለ? ማዕበሉ የሚሰበረው ፊት ለፊቱ ነው! በየዓመቱ ሽጥልኝ እለዋለሁ፤ በየዓመቱ ዓሣ ሰጥቶ ይሸኘኛል።»

አርኑልፎ በመጨረሻ መጣ። ነጭ ሸሚዙ አንድ እድፍ የለበትም። በዚህ በጋ ነው ከቦካስ፣ ከወዲያኛው ባሕር፣ መሬት ሊያሻሽጥ የመጣው።

«የዶን አብዲዬል ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

ገመዱን ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

«ቋጠሮህ ያምራል» አለችው።

«የአባቴ ቋጠሮ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጀልባ ላይ ነው ያደግኩት።»

ከዚያ ሁሉንም መቆሚያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ማንጎዋን ትገምጣለች፣ ትንጎራደዳለች። ባሕሩ መጉደል ጀምሯል። ኢኛኪ እንግዶቼ ይጠብቁኛል ብሎ ተነጫነጨ። ሳጅኑ መንገድ መንገዱን ያያል። ሩፊና የዴልቪስን እጅ እንደያዘች ነው። ወደ ማምሻው አንዱ ጀልባ ሲንቋቋ ሁሉም ዞሩ።

የዴልቪስና የኢኛኪ ጀልባዎች በረጅም ገመዳቸው ከውሃው ጋር አብረው ወርደዋል። የሦስተኛው ገመድ ግን ተወጥሮ ጀልባውን በአፍንጫው አንጠልጥሎታል።

«ዶን አብዲዬል የተመታው ጀልባው ውስጥ ነው፤ ደሙ ይመሰክራል» አለች ዞራይዳ። «ገዳዩ ገፍትሮ ከጣለው በኋላ፣ ከመቆሚያው አዳልጦት ወደቀ እንዲባል ጀልባውን አሰረ። ግን ባሕሩ ሞልቶ ሳለ በአጭሩ አሰረው። እዚህ ባሕሩ የሁለት ሰው ቁመት ይወርዳል! ይህን ዴልቪስ ገና በእግሩ መሄድ ሳይጀምር ነው ያወቀው። የኢኛኪ አገር ባሕርም እንዲሁ ነው፤ ያሰረውን አይታችኋል። የቦካስ ባሕር ግን ከጉልበት በላይ አይወጣም፣ አይወርድም። እዚህ ደግሞ ገመድ የሚያስሩልህ ሌሎች ናቸው፣ አርኑልፎ። ስለዚህ አልተማርክም።»

«እንግዳ ሁሉ በአጭሩ ሊያስር ይችላል!» አለ ደላላው።

«ይችላል። በአባትህ ቋጠሮ ግን አያስርም።» ከኪሷ የተቆረጠውን ገመድ አውጥታ ከተወጠረው አጠገብ ያዘችው። ሁለቱ ቋጠሮዎች አንድ ነበሩ።

አርኑልፎ ወደ መንገዱ አየ፤ ሳጅኑ ቆሞበታል።

«ይሸጥልኛል ብዬ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ለገዢዎቹ ቃል ገብቻለሁ። ማታ ጀልባው ድረስ ተከትዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ! ‹መሬቱ የአማቼ ነው። አሁን እንዳኮረፍኩ ልደር፣ ጠዋት እነግረዋለሁ› አለኝ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር…»

ሳጅኑ ካቴናውን አጠለቀለት። ዴልቪስ ነፃ መውጣቱ የገባውም አይመስል፤ ወደ ደላላው ቀረበ።

«ማን አለ? ማን ብሎ ጠራኝ?»

አርኑልፎ አቀርቅሮ ካቴናውን አየ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አማቼ» አለ ደላላው።

ዴልቪስ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። ሩፊና አጠገቡ ተንበርክካ አቀፈችው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ።