ስሟ የሌለበት ውል

መምህር ወንድማገኝ ከገደሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ሲያቀኑ ሬሳውን ያዩት ቄስ ለኢንስፔክተር ዕፀገነት ደወሉላት። እሷም «መርዶው ይቆይ አባ፤ ለማንም እንዳይናገሩ» አለቻቸው።

ከገደሉ አፍ ላይ የሁለት ተረከዝ ጭረት አለ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ የተንሸራተቱ ናቸው። ሰውዬው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከኪሱ የተጣጠፈ ውል ወጣ፦ ሰባት ዓመት የሆናት ልጁ ቤዛዊት ወደ እናቷ ትመለሳለች፤ አባትና እናት፣ አስታራቂው ሽማግሌም ፈርመዋል።

ዕፀገነት ምክንያቱን ሳትነግር ሦስት ሰዎች ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አስጠራች።

የቀድሞ ሚስቱ ነርስ ዓለሚቱ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች እየሮጠች ደረሰች። «ልጄ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ከወንድማገኝ ጋር ትጣያለሽ?»

«ድሮ ነዋ! ሰኞ ፍርድ ቤት አብረን ልንቀርብ ነው። ልጄን ሊመልስልኝ ነው።»

አስታራቂው ጋሼ ጥጋቡ ተከተሉ። «ሰርኬ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎናል» አሉ።

«እህቱ? ለምን?»

«ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ልጅቱን ያሳደገች እሷ አይደለች፣ ልጄ? መካን ናት። ምን ብሎ ይንገራት? ፈራ።»

ሰርኬ መጨረሻ ገባች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጫማዋን አጥባ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

«ወንድምሽን መቼ አየሽው?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«አሁን የት ይሆናል?»

«የት ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ነዋ።»

ዕፀገነት አንድ ፖሊስ ወደ ሰርኬ መንደር ላከች። ሲመለስ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጣ መርዶውን ነገረቻቸው። ዓለሚቱ ጮኸች። ጋሼ ጥጋቡ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩ። ሰርኬም አለቀሰች።

ዕፀገነት ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠበቀች።

«ወንድማገኝ ከሚያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ነው የተገፋው። ዓለሚቱ ልጇን የምታገኘው እሱ በሕይወት ኖሮ ሰኞ ከቀረበ ነው። ጋሼ ጥጋቡም ውሉን በእጃቸው ያስጨረሱ ናቸው። መሞቱን ደግሞ ከቄሱና ከፖሊስ በቀር የሰማ የለም። ሰርኬ፣ ወንድምሽ እያስተማረ ነው አልሽኝ። መንደራችሁን አስጠየቅሁ፤ ሐዘን የለም። ታዲያ ነጠላሽን ለማን ነው የዘቀዘቅሽው?»

የሰርኬ እጅ ወደ ጥለቱ ሄደና ቆመ።

«ትናንት ከሰዓት መንገድ ላይ፣ ‹ከሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ› ብሎ ውሉን አነበበልኝ» አለች። «የአባት ስም አለ፣ የእናት ስም አለ፣ የሽማግሌ እንኳ አለ። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንቺማ አክስት ነሽ› አለኝ። አራት ዓመት አቅፌ አስተኝቼ! ከኋላዬ ተማምለው! ገፋሁት።»

«እህቴ ስልሽ ኖሬ!» አለች ዓለሚቱና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፖሊሱ ሰርኬን ክንዷን ይዞ አስነሳት። ከበሩ ላይ ቆም አለች።

«ብርድ ሲሆን ጆሮዋን ያማታል። ሻሽ እሰሪላት። መብራት ሳትተኛ አታጥፊባት።»

ዓለሚቱ አልዞረችም። ቆይታ ግን፣ «የትኛውን ጆሮ?» አለች።

«ግራውን።»