ስለ ኬልማር ሳቢሃ ያለችው

ወረቀቱ ሲመለስላት ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ነበር።

ሳቢሃ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ሳትርቅ አነበበችው። እሷ ከጻፈችው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ፣ በቲቸር ጣሰው የተንጋደደ የእጅ ጽሕፈት፣ «ስለዚህ እኛ ተማሪዎች እንዲህ ካሉ የስልክ ጨዋታዎች ርቀን፣ ውድ ጊዜያችንን በጥናት ላይ በማዋል፣ ለወላጆቻችንና ለአገራችን የምንጠቅም ዜጎች ልንሆን ይገባል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ መጫወት አቁሜያለሁ። አመሰግናለሁ» ይላል።

አንዷን መስመር ደግማ አነበበቻት። እኔም ከዛሬ ጀምሮ።

«በጣም ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አሉ ቲቸር ጣሰው፣ የማይክሮፎኑን ገመድ ክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ። «እውነቴን ነው፤ ስለ ጌም ይህን ያህል ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም። መዝጊያ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ አላቆምኩም» አለች።

«ምን አልሽ?»

ጮክ ብላ እንዳልተናገረች ያን ጊዜ ገባት። ሳቢሃ እንዲህ ናት፤ የምትለው ነገር ከንፈሯ ጋ ደርሶ ይመለሳል። «ምንም» አለች።

ቲቸር ጣሰው ክፉ ሰው አይደሉም። የዜግነት ትምህርት ያስተምራሉ፤ ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በዕረፍት ሰዓታቸው ነው። ቀስ ብለው አስረዷት። ርዕሰ መምህሩ ምክር የሌለው ጽሑፍ አያሳልፉም። ስለ ጌም የሚያወራ ጽሑፍ ያለ ምክር ከተነበበ ደግሞ በማግስቱ ወላጅ በር ላይ ይቆማል። ከተስማማች ነገ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ይነበባል። ካልሆነ የሚኒ ሚዲያው አንባቢ ዮኤል ስለ እጅ መታጠብ የጻፈው አለ። ማንበቡ ከከበዳትም እንደ ወትሮው ዮኤል ያነብላታል፤ ድምፁ ጥሩ ነው።

እስካሁን የሆነውም እንዲሁ ነበር። ሳቢሃ ትጽፋለች፣ ዮኤል ያነባል፣ መዝጊያው ከቲቸር ይመጣል። ስለ ወባ የጻፈችው «ስለዚህ እኛ ተማሪዎች» ብሎ አለቀ። ስለ ጅማ አሮጌ ቤቶች የጻፈችውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ሰው ይሳቅበት ብላ ስለ ጎረቤታቸው ሌባ ድመት የጻፈችው እንኳን «ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የቤት እንስሳትን በመንከባከብ» ተብሎ ነው የተዘጋው። ሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ ያቺን ሐረግ ሲሰማ ቦርሳውን ማንሳት ይጀምራል። ሳቢሃም የራሷ ጽሑፍ እየተነበበ ቦርሳዋን አንስታ ታውቃለች።

ከነዚያ መዝጊያዎች ግን አንዱም እሷ ያላደረገችውን አደረገች አላለም።

*

ኡመይር ወረቀቱን እየሄደ አነበበና ሳቀ። የአጎቷ ልጅ ነው፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ሲለቀቁም ወደ ሰፈራቸው ሰቶ ሰመሮ አብረው ይመለሳሉ።

«አሪፍ ነው እኮ። አቁሜያለሁ በያቸውና ማታ ጌሙ ላይ ግቢ። ማን ያይሻል?»

«ስሜ ነው ያለበት።»

«ስምሽን ማን ይሰማዋል? ሰልፍ ላይ ግማሹ ቆሞ ይተኛል። ደግሞ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ውጊያው አንድ ቃል የለም። ዋላሂ፣ አንቺ ጌም ነው የምትጫወቺው ወይስ ለማትሪክ ነው የምታጠኚው?»

ይህን ሲላት የመጀመሪያው አልነበረም። ኬልማር በኢንተርኔት በቡድን የሚጫወቱት ጌም ነው። ፀሐይዋ ልትጠፋ የተቃረበች ኬልማር የምትባል ፕላኔት አለች። ተጫዋቾቹ የአንዲት የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ይሆናሉ፤ ሥራቸው በዚያች ፕላኔት የሚኖሩትን ሰዎች ሰብስቦ ወደ ሌላ ዓለም ማጓጓዝ ነው። ተኩስ አለ፤ ኡመይር የሚወደው እሱን ነው። ወሬው ግን ከተኩሱ ይበዛል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚናገረው አለው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ኡመይር «ስኪፕ አድርጊው ባክሽ» እያለ ይነጫነጫል። ሳቢሃ አትዘልም።

ብትፈልግም አትችልም ነበር፤ ከውሰር አለች። ከውሰር የሁለቱም የአክስት ልጅና የቡድኑ ሦስተኛ አባል ስትሆን የምትኖረው ሊሙ ገነት ነው። ኅዳር ላይ የታጠበው ቡና በማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ የምታገላብጠውና የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ስልኳም ኔትወርክ የሚይዘው እዚያው፣ አልጋዎቹ ያሉበት ከፍታ ላይ ብቻ ነው። የጌሙን እንግሊዝኛ ፈጥና አንብባ መጨረስ አትችልም። ስለዚህ ሳቢሃ እያንዳንዱን ንግግር አንብባ በኦሮምኛ በድምፅ ትልክላታለች፤ ለአሮጊቷ የአሮጊት፣ ለመርከቡ አዛዥ የወፍራም ሰው ድምፅ እየሰጠች። ሰው ፊት የሚጠፋው ድምፅ እዚያ ላይ ከየት እንደሚመጣ ለራሷም አይገባትም።

ኡመይር ወረቀቱን መለሰላት። «ያሉሽን አንብቢና ውረጂ። ሁለት መስመር ነው።» ከዚያ ስልኩን አውጥቶ፣ እየሳቀ፣ ሳቢሃ ነገ ጌም ማቆሟን በሞንታርቦ ልታውጅ ነው ብሎ ለከውሰር ላከ።

*

እናቷ ዙቤይዳ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ሳቢሃ አጠገቧ ተቀምጣ ጽሑፉን በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ጀመረች። ከአንድ ቦታ ስትደርስ እጇ ዘገየ፤ ከጻፈችው ሁሉ የምትወደው ይህን ነበር።

«ኬልማር ጥሩ ጌም ነው። ጥሩ የሆነው በተኩሱ አይደለም። ከተራራው ሥር ቴሳ የምትባል አሮጊት በሯ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። መርከቡ ላይ አልሳፈርም ትላለች። ጌሙ ሦስት መልስ ያቀርባል፤ ለምናት፣ እዘዛት፣ አስፈራራት። እኔ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የትኛውም ቢመረጥ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ምስል ላይ ቴሳ መርከቡ ውስጥ ናት። ምንም አትናገርም። እጇ ላይ የበሯ ቁልፍ አለ።»

ቴሳ ጋ በደረሱበት ዕለት ሳቢሃ ይህን ለከውሰር ስትተርክ እናቷ የስፌት መኪናውን አቁማ ትሰማ ነበር። ጫኗት? ብላ ጠየቀች። ጫኗት፣ አለች ሳቢሃ። እምቢ እያለች? አዎ። ዙቤይዳ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና «ኤጋ፣ እንዲህማ ከሆነ ለምን ጠየቋት?» አለች። ሳቢሃ ጽሑፉን የጀመረችው በማግስቱ ነው።

አሁን ቀዩን መስመር አነበበችላት።

«ብታቆሚ እኔ አልጠላም» አለች እናቷ። «ዓይንሽ እየተጎዳ ነው።»

«እማ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ያቺ ሴትዮ የት እንደደረሰች ሳልሰማ ደግሞ እንዳታቆሚ።» ፈገግ ብላ ጨርቁን አዞረች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «አስተማሪሽ ናቸው፣ ሳቢሃ። ሰው ፊት እንዳትመልሺላቸው። አደራ፣ አክብሪያቸው።»

ሳቢሃ እሺ አለች። እሺ ስትል ግን ምን ልታደርግ እንደሆነ አላወቀችም። ዮኤል ያንብበው ብትል፣ ዮኤል ቀዩንም ጥቁሩንም በዚያ ጥሩ ድምፁ አንብቦ ይወርዳል። ጽሑፉን ብታስቀረው፣ ቴሳን ማንም ሳይሰማ እጅ መታጠብ ይነበባል። እሷ ራሷ ብታነበው ደግሞ፣ «እኔም» የሚለው ከአፏ ይወጣል።

የከውሰር መልእክት የመጣው መግሪብ ሳይደርስ ነው። ከድምጿ ኋላ እጇ ቡናውን ሲያገላብጥ ይሰማል፤ እንደ ደረቅ ዝናብ።

«ሳቢሃ፣ ኡመይር ያለው እውነት ነው? አቆምሽ? ካቆምሽ አልቀየምሽም። ግን ራስሽ ንገሪኝ። እሱ ይተርጉምልሽ እንዳትይኝ ብቻ፤ ለእሱ ሰው ሁሉ የሚናገረው ‹ተኩስ› ነው።» ቡናውን አንዴ አገላበጠችና፣ «አንቺ ያልሽኝን እኮ ነው እስካሁን የማምነው» አለች።

ሳቢሃ መልእክቱን ሁለተኛ አልከፈተችውም። አላቆምኩም ብላ መለሰችላት። ከዚያ የተገለበጠውን ንጹሕ ወረቀት ትታ፣ ቀይ ያለበትን የቲቸርን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

*

ጠዋት ጉም ነበር። የሜዳው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ከኋላ የተሰለፉት አይታዩም፣ ሳላቸው ብቻ ይሰማል። ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ዮኤል እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ። ሳቢሃ እኔ ነኝ የማነበው አለችው፤ አሁንም ድምጿ ትንሽ ነበር፣ ዮኤል ግን ቅርብ ስለቆመ ሰማት። ቲቸር ጣሰው ተገረሙ፣ ደስም አላቸው። ማይክሮፎኑን ራሳቸው አብርተው ሰጧትና ከጎኗ ቆሙ።

ሞንታርቦው አፏጨ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበበች፤ ከኋላ አንዱ «አይሰማም!» አለ፣ ሳቅ ተነሣ። ኡመይርን ፈለገችው፤ አራተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል፣ በእሷ እንዳፈረ ሁሉ። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ቴሳ ጋ ስትደርስ ሳታስበው ድምጿን ለወጠች። «እኔ ከዚህ በር ተነሥቼ አላውቅም፤ እናንተ ማን ናችሁ?» ስትል፣ በሞንታርቦው የወጣው የእሷ ሳይሆን የአሮጊት ድምፅ ነበር። ሳቁ ቆመ። ከፊት ያሉት ትናንሾቹ አፋቸውን ከፈቱ። ለምናት፣ እዘዛት፣ አስፈራራት የሚለውን ስታነብ ከሴቶቹ ረድፍ አንዷ «አስፈራሪያት» ብላ መለሰች፤ ሌላዋ ጎሸመቻት። ቴሳ መርከቡ ውስጥ መሆኗን ስትነግራቸው ግን ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት። የእናቷን ጥያቄም አነበበችው።

«ኬልማርን የወደድኩት ሐሳቤን ስለጠየቀኝ ነው» አለች፣ ወደ መጨረሻው እየተጠጋች። «ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ የለም። የተናደድኩበት ደግሞ ጠይቆኝ ስላልሰማኝ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ቴሳ ትመለሳለች ይባላል። ከተመለሰች እዚያ ልገኝ እፈልጋለሁ።»

ጥቁሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ቀዩ ጀመረ።

ሳቢሃ ማንበቧን አቆመች። ቲቸር ጣሰው የረሳች መስሏቸው ጎንበስ ብለው በጣታቸው መስመሩን አሳዩዋት። ጣታቸው ጠመኔ ነበረበት። ሰልፉን አየች። ማንም ቦርሳውን አላነሣም፤ ሐረጓ ገና አልተባለችም። ብትላት ሁሉም ይነሣል፣ ቴሳም ከነቁልፏ እዚያው ትቀራለች።

«የእኔ ጽሑፍ እዚህ ላይ አለቀ» አለች በማይክሮፎኑ። «ከዚህ በታች ያለው የእኔ አይደለም። ምክር ነው፤ የጻፉት ቲቸር ጣሰው ናቸው። እሳቸው ቢያነቡት ይሻላል።»

ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። ለታላቅ ሰው ነገር እንደሚሰጠው፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ማይክሮፎኑንና ወረቀቱን አንድ ላይ ዘረጋችላቸው።

ቲቸር ጣሰው ወረቀቱን ተመለከቱ። ከንፈራቸው «እኔም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከኋላ ጉም ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወ።

«ሳቢሃ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጨርሺው።»

«ጨርሼያለሁ፣ ቲቸር።»

ማይክሮፎኑ እንደበራ ነበር፤ ቃሏ በሞንታርቦው ሜዳውን አቋርጦ አጥሩ ጋ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ በር ላይ ወደ እነሱ ያያሉ። እጇ ገና እንደተዘረጋ ነው።

አላወረደችውም።