የተንተባተበው መዶሻ

ወንበር በጨርቅ አልባሹ ሲላስ ፔጎት መኖሪያ ቤቱ ባለው የሥራ ክፍሉ ግማሹን ባለበሰው ወንበር ላይ ተደፍቶ ሞቷል። አጠገቡ ካለው የሻይ ሲኒ ውስጥ መርዝ ተገኝቷል። ሻዩን ያፈላችው ሚስቱ ዊኒፍሬድ ናት።

ፖሊሶቹ ካቴናውን ይዘው ኢንስፔክተር ታርቦክን ይጠብቃሉ። ለንደን ውስጥ ባሏን የገደለች ሴት መጨረሻዋ የስቅላት ገመድ እንደሆነ ዊኒፍሬድ ታውቃለች። ጎረቤት ያስጠለላቸው ሁለቱ ልጆቿ የሙት ልጆች ማሳደጊያ በር ላይ ቆመው ይታዩዋታል።

ታርቦክ እንደደረሰ በቅድሚያ የሟቹን የሥራ ባልደረባ ኤኖክን ጠየቀ።

«ሲወድቅ አጠገቡ ነበርክ?»

«አዎ ጌታዬ። ሻዩን አንዴ ፉት እንዳለ ወደቀ።»

«ምስማር የምትወስዱት ከየት ነው?»

«ከአንድ ሳጥን። ዛሬም እንደ ወትሮው አፋችንን ሞልተን፣ በምላሳችን አንድ አንድ እያወጣን ስንመታ ነበር። ጭንቅላቱ ፈጣን የሆነውን ሰው ‹እንደ ምስማር የሰላ› የምንለው እኮ ለዚህ ነው። ምላስህ ከምስማሩ ጫፍ ካልቀደመ ትወጋለህ!» ፈገግ አለ። «እርስዎም የሰሉ ነዎት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ደነዝ ነው የሚሉኝም አሉ» አለና ወደ ዊኒፍሬድ ዞረ። «ወይዘሮ ፔጎት፣ ጠዋት ከጓዳ ሆነው መዶሻዎቹን ይሰሙ ነበር?»

«አልገደልኩትም! ምን ብዬ ልማልልዎት?»

«ስለ መዶሻዎቹ ይንገሩኝ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «የሲላስ እንደ ዝናብ ነበር፣ አያቋርጥም። የኤኖክም ሌላ ቀን እንደዚያው ነው። ዛሬ ግን ይንተባተብ ነበር። ጠክ ይልና ዝም። ሲጠጣ ያደረ መስሎኝ ነበር።»

ታርቦክ ሁሉንም ወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበ። የሲላስ ወንድም አምብሮስ አላስችል አለው። «ምን ትጠብቃላችሁ? ይቺን እባብ ውሰዷት!»

«አስከሬኑን አንስቶ የመረመረው ሐኪም ከሟቹ ምላስ ሥር ምስማሮች አግኝቷል» አለ ታርቦክ። «አፉ ምስማር የሞላ ሰው ሻይ አይጠጣም። ሲኒው ውስጥ መርዝ የተጨመረው ከሞተ በኋላ ነው።» ሳጥኑን ወደ ኤኖክ ገፋ። «እስቲ አፍህን ሙላና ወንበሩን ጨርስልኝ።»

ኤኖክ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ያስፈራሃል አንተ? ሳጥኑን አምጣው፣ ምስማሩን እኔው እመታዋለሁ!» አምብሮስ እጁን ሲሰድ ታርቦክ አንጓውን ያዘው።

«አይንኩት። መርዙ ምስማሩ ላይ ነው። ኤኖክ፣ እንዳልከው አፍህን ሞልተህ ቢሆን ኖሮ አንተም ዛሬ ሬሳ ነበርክ። አንተ ግን ምስማሩን በጣትህ ነበር የምታነሳው። መዶሻህ የተንተባተበው ለዚህ ነው። ሲኒው አጠገብ የነበርከውም አንተ ብቻ ነህ።»

ኤኖክ የሚያየው ዊኒፍሬድን ብቻ ነበር። «አብረን እንጥፋ ስልሽ ሳቅሽብኝ። እሱ ይሙት፣ አንቺም ተሰቀይ አልኩ።»

ካቴናው የኤኖክን እጅ ጨበጠ። አምብሮስ «ዊኒ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ።

«ልጆቼን ልይ» አለች።

እየሮጠች ወጣች። ጎረቤት በር ላይ ስትደርስ ግን እጇ ሳያንኳኳ ቀረ። ከውስጥ ልጆቹ ይሳሳቃሉ። አባታቸው መሞቱን ምን ብላ እንደምትነግራቸው አላወቀችም። የምትነግራቸው ግን እሷው ናት፤ ባዕድ አይደለም። አንኳኳች።