የአራሷ ቤት ካፖርት

ሽማግሌው ውሻ አርቢ አራሷ ውሻ ቤት ውስጥ፣ ገለባው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር የተገኙት። አንገታቸው ተዘንጥሏል። አራሷ ጥጓን ይዛ ቡችሎቿን ታጠባለች። በሩ ላይ ደግሞ አማችየው፣ የሴት ልጃቸው ባል፣ ጠመንጃ ታቅፎ፣ መርማሪዋ እስክትጨርስ ይቁነጠነጣል።

«ሰው የበላች ውሻ አትቀመጥም» አለ። «ቶሎ ይበሉና ልገላግላት።»

መርማሪዋ ሃምሳውን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ አለቀ የተባለ ነገር የማይዋጥላት ሴት ናት። በሩን ልትገፋ ስትል የሟች ልጅ እጇን ያዘቻት።

«እንዲሁማ አይገቡም። አራስ ናት፣ ትዘነጥልዎታለች። ካፖርቱን ይልበሱ።»

በሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ በእድፍ የጠቆረ ረጅም ካፖርት ተሰቅሏል። በዚህ ግቢ የሥራ ውሾች ማርባት ከተጀመረ ወዲህ ወጉ ይኸው ነው፦ አራስ ቤት የሚገባ ሁሉ ያንን ይለብሳል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ውሾቹ ሲወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ሽታ ስለሆነ ዝም ይላሉ።

«አባትሽም ይለብሱት ነበር?»

«አባዬ? ከሁሉም በፊት እሱ ነው እንጂ። ወጉን ያመጣው ማን ሆነና።»

«ዛሬ ጠዋት ስታገኚያቸው ካፖርቱ የት ነበር?»

«እዚሁ ምስማሩ ላይ። እሱን ለብሼ ገባሁ። መሞቱን አየሁ፣ ሳልነካው ወጣሁ፣ ሰቀልኩት።»

መርማሪዋ ውሃና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አስመጣችና ልጅቷን የውሻዋን አፍ እንድትጠርግ አዘዘቻት። ጨርቁ በምራቅ ረጠበ እንጂ ደም የሚባል አልነካውም። ሌላውን ጫፍ ራሷ ነክራ የካፖርቱን ትከሻ አሸችው፤ ቀላ። እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከት እርጥብ ነገር ነካች። አሸተተችው፤ የቡችላ ሽንት ነው።

የሟችን ወንድ ልጅ ያገኘችው መኖ ቤት ነው። አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆልማማ ነው፤ ቢሆንም የመኖ ጆንያ እንደ ትራስ ያነሳል። አጠገቡ የብረት መንሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በዚያ ግቢ አካፋው፣ ባልዲው፣ ሁሉም ጭቃ ለብሷል፤ መንሹ ብቻ ጥርሱ ያብረቀርቃል።

«ትናንት አባትህ ምን ሥራ አዘዙህ?»

«ባልዲ ሙላ አለኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ለምን?»

የመለሰችው በሩ ላይ የቆመችው እህቱ ናት።

«እግሩ የተጣመመ ጥቁር ቡችላ ተወልዷል፣ ለእሱ ነው። ደካማ ሲወለድ ባልዲ ውስጥ እንነክራለን። የምንሸጠው የሥራ ውሻ ነው፣ አንካሳ ማን ይገዛናል? አባዬ ሆን ብሎ ወንድሜን ነበር የሚያዘው። ‹አንተንም ያኔ ባልዲ አጥቼ ነው› ይለው ነበር።» ሳቅ አለች። እንዴት አባቷ ሞቶ ያስቃታል አትበሉ፤ በዚያ ቤት ሲሳቅበት የኖረ ቀልድ ነው።

መርማሪዋ ሦስቱንም አራስ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ባልዲው እስከ አፉ እንደሞላ እዚያው ነበር።

«ውሻዋ አልነከሰችም፣ አፏን አይታችኋል። ሽማግሌው በእግራቸው ቢገቡ ኖሮ ካፖርቱ ገላቸው ላይ ይገኝ ነበር። የገደላቸው ሰው በመንሽ ወግቶ፣ መንሹን አጥቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ በትከሻው ተሸክሞ አስገባቸው። ሲወጣ እጁ እንደለመደው ካፖርቱን ሰቀለ። እዚህ ያላደገ ሰው አውልቆ በጣለው ነበር።»

አማችየው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንኳን ካፖርት ልለብስ፣ አጥሩንም አልጠጋ።»

«አውቃለሁ። ሚስትህ ደግሞ ይህን የሚያህል ሰውዬ በትከሻዋ አታነሳም። ደግሞም ገዳዩ ኪሱ ውስጥ ቡችላ ይዞ ነው የገባው። ባልዲው ሞልቷል፣ አንካሳው ግን ያውና ይጠባል። እሷ ብትሆን ነክራው ነበር።»

«እንዴታ» አለች ልጅቷ፣ ሳታፍር።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። ድምጿን አላነሳችም። «ቡችላውን ለእናቱ መለስክለት። አባትህን ደግሞ እሷው ጉያ ጣልክ፣ ውሻዋ ትገደልበት ብለህ። እሷ ከሞተች ማን ሊያጠባው ነበር?»

ሰውየው ቡችላው ወዳለበት ዞረ። ይህን አላሰበውም ነበር። ቆልማማ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ኪሴ ውስጥ እያለቀሰ ነበር» አለ። «አባዬ ‹ንከረው› አለኝ። ይቅርብኝ አልኩት። ‹እንግዲያው አንተ ግባበት› ብሎ አንገቴን ይዞ ባልዲው ላይ ደፋኝ። እንደ ምንም አምልጬ መንሹን ያዝኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ያን ጊዜ ልተወው እችል ነበር። አልተውኩትም።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች እጁን አሰሩት። መኪናው ጋ ሲደርስ ወደ እህቱ ዞረ።

«እህቴ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። ቡችላውን አደራ።»

«ሂድ፣ አታስብ» አለችው።

መኪናው ሲነሳ መርማሪዋ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ልጅቷ ካፖርቱን ለብሳ አራስ ቤት ገባች፤ የሆነች ትንሽ ጥቁር ነገር ማጅራቷን ይዛ አንጠልጥላ ወጣችና ባልዲው ላይ ጎንበስ አለች።

«እህቴ ክፉ አይደለችም» አለ ሰውየው፣ ሊዞር እየሞከረ። «በሩ ላይ ቆማለች?»

መርማሪዋ ትከሻውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ቆማለች» አለችው። «ፊት ፊትህን እይ።»

መስታወቱ ውስጥ ልጅቷ ቀና አለች። እጇን አራገፈች፣ ካፖርቱን አወለቀችና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።