ምስክሩ መስታወት

ኦዲል በሩን ስትከፍት በእጇ የሾርባ ጭልፋ ይዛ ነበር። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ጭልፋውን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ቁልፉን ፈልጌ ነው፣ ማዳም።»

ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ሰጠችው።

«ማን እንደሆንኩ አይጠይቁኝም?»

«እዚያ ታች ያለው ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ። ከቻሉ ተሸክመውት ይሂዱ።»

ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ሥር፣ ሮማውያን ትተውት የሄዱት ምድር ቤት አለ። ወደ ፈረንሳይዋ ኦተን ከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚሄደው ወደ ትልቁ ቲያትር ፍርስራሽ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው መንገድ የሳተ ብቻ ነው። በብረት በሩ ላይ «ቁልፉ ከፊት ለፊቱ ቤት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። የጻፈው ባሏ ኖርቤር ነበር። ኖርቤር ሲሞት ኦዲል አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ ጠንካራ ሴት ናት አለ። እሷ ግን ጥንካሬ እንዳልሆነ ታውቃለች። በብርድ እንደ ደነዘዘ እጅ ነበር የሆነችው፤ ቢነኩት የማይሰማው።

ሰውየው ጊስላን ይባላል፤ አሮጌ ግንብ ጠጋኝ ነው። በምድር ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ ቀጭን መስታወት በጀሶ አጣበቀ። የሙያው ሰዎች «ምስክር» ይሉታል፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። እሱን ለማየት በየወሩ ይመጣ ጀመር። ቁልፉን ሲመልስ ሾርባ ትሰጠዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ትታው ስለሄደች ሚስቱ ያወራላታል። እሷ ታዳምጣለች። ወራት አልፈውም «እርስዎ» መባባላቸውን አልተዉም።

ዳቦ ሻጯ ኢቬት ግን ዝም አላለቻትም። «ስሚ እንጂ፣ የታመመው ግድግዳው ነው ወይስ ሐኪሙ?» አለቻት፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያለ። ኦዲል ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

ወይን ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን፣ ጊስላን ማንኪያውን አስቀመጠ። በሚቀጥለው ወር ምስክሩን ሳይሰበር ካገኘው ግድግዳው ደህና ነው ብሎ እንደሚጽፍ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣበት ሥራ እንደማይኖር ነገራት። ሲነግራት ፊቷን እያየ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለች።

እሱ ይህን ቃል እንደ ሽኝት ቆጠረው። እሷ ደግሞ ሾርባውን ሳይጨርስ መውጣቱን አይታ፣ የመጣው ለግድግዳው ብቻ ነበር አለች በልቧ። ሳህኑን አጠበች። ምንም አልተሰማትም።

ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ምድር ቤቱ ወረደችና መስታወቱን በቁልፉ መታችው። ስብርባሪው ጣቷን ቆረጣት። ደሙን አየችው እንጂ አላመማትም።

በማግስቱ ጊስላን ታች ብዙ ቆይቶ ወጣ።

«ተሰብሯል» አላት።

«እንግዲያው ግድግዳው ተንቀሳቅሷል።»

«ስንጥቁ እንደነበረ ነው።» በጨርቅ የታሰረውን ጣቷን አየ። «ግድግዳው ጣትም ይቆርጣል እንዴ?»

ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች። የወለወለችውን ደግማ ወለወለችው።

«ውሸት አልጽፍም» አለ። «ግድግዳው ደህና ነው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ይጻፉ።»

«ቅዳሜ ግን እመጣለሁ። ቁልፉን አልፈልግም... አንቺን ብዬ ነው የምመጣው፣ ኦዲል።»

እጇ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ጊስላን አጠገቧ ተቀምጦ ጨርቁን መፍታት ጀመረ። ጨርቁ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«ቀስ በል» አለችው። «ያማል።»

ከዚያ አለቀሰች። ለአንዲት ጣት የበዛ እንባ ነበር።

በብረት በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዛሬም የኖርቤር ነው፤ ማንም አልነካውም። መንገድ የሳተ እንግዳ መጥቶ ሲያንኳኳ ግን፣ ቁልፉን ይዞ የሚወጣው ጊስላን ነው።