የሁዳዴው የዶሮ ክንፍ

ትንሿ የድመት ግልገል ወይዘሮ ሽታዬ ግቢ ውስጥ፣ ውሃ በርሜሉ ሥር አፏን ከፍታ ሞታ ተገኘች። ከሰዓት በኋላ መርማሪ ገለቴ ስትደርስ የተከራይዋ የጀውሀራ ፍራሽና የስፌት መኪናዋ ግቢ ላይ ተጥለዋል። ለአንዲት ድመት ይሄ ሁሉ ግርግር መሆኑ ነው። ገለቴ ፖሊስ ሆና ብዙ ቂል አይታለች፤ እንዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ግን አላየችም።

«ጥሩ መጣሽ» አለ አቶ ኢያቄም፣ የሽታዬ ወንድም፣ እጁን ነጠላው ውስጥ እንደከተተ። ጾም በገባ ቁጥር ግቢውን ሁሉ ካልገሰጸ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ ነው። «ግልገሎቹ እርስ በርስ ሲበላሉ ነው የሞተችው። ሥጋ ያስለመደቻቸው ይቺ ናት።»

ይቺ ያላት ጀውሀራን ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጋሸና መጥታ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው።

«ሳይመሽ ትውጣልኝ» አለች ሽታዬ።

«ደንበኞቼ እዚህ ነው የሚያውቁኝ እትዬ» አለች ጀውሀራ ለገለቴ። «የት አባቴ ልሂድ?»

ገለቴ ተንበርክካ የሟቿን አፍ ፈለቀቀች፤ ከቦርሳዋ ወረንጦ አውጥታ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረውን ሳብ አደረገችው። ቀጭን አጥንት ወጣ፤ በርበሬው ገና አልለቀቀም።

«የዶሮ ክንፍ» አለች። «በሁዳዴ።»

ኢያቄም ወደ ጀውሀራ ክፍል በአገጩ አመለከተ። «አላልኩም?»

«ዶሮ ሠርተሻል?» አለቻት ገለቴ።

«ወላሂ አልሠራሁም። ለነሱ ሳምባ ነው የምገዛው። ቀቅዬ፣ አድቅቄ።»

«ይጣላሉ?»

«ድሮ ነዋ። አንድ ሳህን ላይ ስሰጣቸው አጅሬ፣ ያ ትልቁ፣ ሁለቱን እየነከሰ ያባርራል። ትንሿ ደግሞ እንዳትቀማ ሳታኝክ ትውጥ ነበር። በኋላ ለየብቻ ጥግ፣ ለየብቻ ክዳን ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርጌ፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ስሰጣቸው ተዉት። ስትበላ ማንም እንደማይቀማት ካወቀች ምን ያጣላታል?»

ገለቴ ወደ ሽታዬ ዞረች። «አንቺስ ምን ትሰጫቸዋለሽ?»

«ሽሮ ፍትፍት ነዋ። ጾም አይደል?»

«የንስሐ አባት ይዘሽላቸዋል?»

ሽታዬ ተኮሳተረች።

«ዛሬ ሲጣሉ ሰምተሻል?»

«ቀትር ላይ። ነጠላዬን ልወስድ ወደ ኢያቄም ክፍል ስሄድ፣ ከመስኮቱ ሥር ሲያጉረመርሙ ነበር። አንኳኳሁ፤ አልከፈተም።»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ አልኩሽ እኮ» አለ ኢያቄም። «ከጠዋት ጀምሮ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ» አለችው ገለቴ። ኢያቄም የተቧጨረ እጁን ከነጠላው አወጣ።

«ቁልቋል ቧጭሮኝ ነው።»

ገለቴ ሁሉንም ግቢው መሀል አቆመቻቸው። «ጀውሀራ፣ ጥሪያቸው።»

ጀውሀራ ክዳን አንኳኳች። ሁለቱ ግልገሎች እየሮጡ መጡና አጅሬ በግራ፣ ሌላኛዋ በቀኝ ጥግ ቆሙ። ሳምባቸውን በሉ፤ ዞር ብሎ ሌላው ላይ ያፈጠጠ የለም።

ከዚያ ገለቴ አንድ ትልቅ ቁራጭ መሀል ላይ ወረወረች። ሁለቱም ዘለው አንድ ላይ ነከሱት፤ ከዚያች ከጭብጥ የማትበልጥ ሆድ እንደዚያ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም። ገለቴ እጇን ሰዳ ልትቀማቸው ስትሞክር አጅሬ ቧጨራት። አራት ቀጫጭን መስመር፣ ጎን ለጎን።

እጇን ኢያቄም እጅ አጠገብ አመጣችው።

«የእርስዎ ቁልቋልም አራት ጥፍር አለው?»

ኢያቄም እጁን ወደ ነጠላው መለሰ።

«ጀውሀራ ብትሆን ኖሮ በየጥጋቸው ነበር የምትሰጣቸው» አለች ገለቴ። «ይሄን ክንፍ የወረወረው እነሱን የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞ የወረወረው በችኮላ ነው። እርስዎ ክፍልዎን ዘግተው እየበሉ እህትዎ ስታንኳኳ በመስኮት ጣሉት። እነሱ ሲናጩ ድምፁ እሷን ሊጠራብዎት ሆነ፤ እጅዎን በመስኮቱ አወጡና ሊቀሙ ሞከሩ። አጅሬ ቧጨረዎት። ትንሿ ደግሞ ከሚወስዱብኝ ብላ ዋጠችው።»

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» አለ ኢያቄም ድምፁ ወርዶ። «ጨጓራዬን...»

«ሐኪም ያዘዘው ዶሮ በመስኮት አይጣልም።»

ሽታዬ ወንድሟን አየችው። «እኔ ሽሮ እየበላሁ?»

«መብላቱን ከእግዜር ጋር ይጨርሱት» አለች ገለቴ ወረንጦዋን እየጠረገች። «በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ሰው ከቤት ማስወጣቱ ነው እኔን የሚያቅለሸልሸኝ። ድመቶቹ እንኳን ተራ መጠበቅ ተምረዋል። አንቺም ሽታዬ፣ አንድ ቃል ሳትጠይቂ ነው እቃዋን የጣልሽው።»

ሽታዬ አንገቷን ደፋች። «ጀውሀራዬ፣ እቃሽን አስገቢ በቃ። እንዳልተፈጠረ ይሁን።»

ጀውሀራ አጅሬን አቅፋ በሯ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ አላወጣሁትም» አለች። «ያወጣው ሰው ያስገባው።»

ሽታዬ ገለቴን አየች፤ ገለቴ ቀና ብላ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ኢያቄም ነጠላውን ትከሻው ላይ ጠቀለለና የስፌት መኪናዋን በአንድ በኩል ያዘ፤ እህቱ በሌላ በኩል። እያቃሰቱ ደፉ ጋ ሲደርሱ ጀውሀራ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈቻቸው።

«ቀስ በሉ» አለች። «ግራ ጥጉ ላይ።»